ለእናቴ ሁለት ብሎን ይበቃታል

እናቴ የታችኛውን ጥርሷን የምታስቀምጠው ቡፌ ውስጥ ነው። ስኒዎቹ አጠገብ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውሃ ተደርጎበት። እንግዳ ሲመጣ ታደርገዋለች። ምግብ ሲቀርብ ዞር ብላ ታወልቀዋለች። ጥርስ የሚሠራው ለመብላት ይመስለኝ ነበር። እሷ ዘንድ ግን እንደ ነጠላ ሆኗል፤ ሰው ፊት ለመቅረብ ጣል የሚደረግ።

የላይኛው ደህና ነው። ላንቃዋ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል። ጉደኛው የታችኛው ነው። ምላስ ይገፋዋል፣ ጉንጭ ያነሳዋል፣ አንዲት የቆሎ ፍሬ ከሥሩ ከገባች ደግሞ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ባለፈው ፋሲካ የዶሮውን ሥጋ በጣቷ እንደ ክር ስትበጣጥስ አየኋት። በእንጀራ ጠቀለለችውና ሳታኝክ ዋጠችው። ከዚያ «ጠግቤያለሁ» አለች።

አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። «በቃ፣ ሙሉ አፏን ኢምፕላንት እናስተክልላት። ለገና ስመጣ ሦስት ሳምንት አለኝ፤ እኔ እያለሁ ይለቅ» አለ። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ሐሳቡን ግን አልቀበልም። ይኸው ወሬ በብዙ ቤት እንደሚወራ ስለማውቅ ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

ኢምፕላንት የሚባለው ጥርሱ አይደለም፣ ሥሩ ነው። መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን። ነገሩ የተገኘው ጥርስ ሲፈለግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መመልከቻ አስገብቶ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር ያጠና ነበር። ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሊያወጣው ቢል እምቢ አለው። አጥንቱ ይዞታል። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ይሄ ብረት ግን ባዳ ሆኖ ገብቶ ዘመድ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያው ታካሚ ዮስታ ላርሶን የታችኛው መንጋጋው ላይ ተተከለለት። በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ 40 ዓመት ያህል፣ በዚያው ሲያኝክ ኖረ።

አጥንት ግን ብረቱን የሚላመደው በወንድሜ የዓመት ፈቃድ አይደለም። ታች ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ፣ ላይ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። «በአንድ ቀን ጥርስ» የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ውሸት ነው አልልም። አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ ሰው በዕለቱ ጥርስ የሚገጠምበት መንገድ አለ። ያ ጥርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ቋሚው ከወራት በኋላ ይመጣል። ያኔ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። ብሎኑ ቢላቀቅ፣ ድዱ ቢያብጥ፣ ይዣት የምሮጠው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሁለት ብሎን ያልኩበት ጉዳይ። ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ይፈታል፤ እየሟሸሸ ይሄዳል። የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከላይኛው በብዙ ይብሳል። ለዚህ ነው ዘንድሮ የገጠመው ጥርስ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ሰፊ ጫማ የሚዋልለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ታችኛው ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ላለቀ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ተራው የሚወልቅ ጥርስ መሆኑ ይቅር፣ በሁለት ኢምፕላንት የሚያዝ ይሁን ብለው ነበር። ስምንትም አላሉ፣ ስድስትም አላሉ።

አሠራሩን አንድ ሐኪም በሞዴል አሳይቶኛል። ብሎኖቹ ከፊት፣ አገጭ አካባቢ ይገባሉ። ጫፋቸው ላይ የልብስ ቁልፍ የሚመስል ትንሽ ጉብታ አለ። የሚወልቀው ጥርስ በሆዱ በኩል መያዣ አለው። ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ እንደ ጃኬት ቁልፍ። ማታ አውልቆ አጥቦ ማስቀመጥ ነው። መያዣው ውስጥ ያለችው ፕላስቲክ ታልቃለች፣ በየጊዜው ትቀየራለች። ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም።

ሙሉውን በብሎን አስሮ የማይወልቅ ማድረግም ይቻላል፤ አቅሙና አጥንቱ ላለው ግሩም ነው። ከሥሩ ግን በየቀኑ በቀጭን ብሩሽና በክር መጽዳት አለበት። የእናቴ ጣቶች መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆሙ ቆይተዋል። ያልጸዳ ኢምፕላንት ዙሪያው ይቆስላል፣ አጥንቱን ይበላል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። ቋሚ ጥርስ ያልነው የዚያን ቀን ቋሚነቱ ያበቃል።

መጀመሪያ የደወልኩበት ክሊኒክ በስልክ ዋጋ ነገረኝ። ራጅ ሳያነሱ፣ አፏን ሳያዩ። ስኳር አለባት ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አለባት! ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ ከቁጥጥር የወጣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ግን ነገሩን ይቀይሩታል። ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራ ሰው እየነገደ እንጂ እያከመ አይደለም። የተጠራው ዋጋ የብሎኑ ብቻ ይሁን ከላይ የሚቀመጠውንም ይጨምር፣ ያንንም አጥብቆ መጠየቅ ነው።

ከዳያስፖራ ለበዓል መጥተው ጥርስ ለሚያሠሩ ደግሞ አንድ ነገር። የገባላችሁ ኢምፕላንት የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን፣ መለያ ቁጥሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። ብሎን ሁሉ በአንድ ካቻቢቴ አይፈታም። ከአምስት ዓመት በኋላ ዴንቨር ወይ ስቶክሆልም ያለ ሐኪም አፋችሁን ከፍቶ የማያውቀው ብረት ካጋጠመው፣ ለጥገናው ሳይሆን ብረቱን ለመለየት ብቻ ስንት ምልልስ አለ።

ሁለተኛው ሐኪም ጋ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሲያስረዳት ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ «ቆሎ ይበላበታል ልጄ?» አለችው። ሳቀ። «ለስለስ ያለውን አዎ እናቴ። ሽምብራውን ግን ይለፉት» አላት።

ማታ ወንድሜ ደወለ። ሁለት ብቻ መሆኑን ስነግረው ቅር አለው። «ሁለት? ለናታችን ሁለት?» እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «አዎ ሁለት። የተረፈውን ለጣራው ላከው፤ ክረምት እየመጣ ነው።»