እንኳን ደህና መጣህ! ፒዲኤፉስ?

እንግዳ በመቀበል ማን ይስተካከለናል? ባለፈው ቅዳሜ የንባብ ክበባችን አንድ የፋንታሲ ደራሲ ጋብዞ ነበር። እንዴት ያለ አቀባበል! ጭብጨባው ጣራውን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ዞረ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። መጽሐፉን ከማንበብ በቀር ያልተደረገለት ነገር የለም።

መቼም ታውቁታላችሁ። እናንተም ሰፈር ክበብ አለ።

መድረክ መሪያችን መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ጊዜ አጥቼ እስካሁን ባልገባበትም» አለ፣ «ትልቅ ሥራ መሆኑን ከክብደቱ አውቄዋለሁ።» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። መጽሐፍን ሳይከፍቱ መመዘን ቀላል ሙያ አይደለም፤ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ እንኳ ሚዛን ይፈልጋል።

ቀጥሎ «ሁለት ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ» የሚሉት አባላችን ተነሡ። ጥያቄ አልነበራቸውም። «ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ የሚናገር ፈረስ፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው። የእኛ ባህል አይደለም» ብለው ተቀመጡ። እውነታቸውን ነው። ከንግሥት ማክዳ በፊት አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ልጃገረድና ከብት ይገበርለት ነበር የሚለው አፈ ታሪክ ፈረንጅ ያመጣብን ይሆናል። በየሰው ሳሎን ተሰቅሎ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስም ምናልባት ግድግዳ ለማሳመር ነው። እኚህ ሰው ራሳቸው የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው ቆሎ የሚቆረጥሙት። ማታ ጅብ ሲጮኽ «የትኛው ጎረቤት ይሆን?» የሚሉም እሳቸው ናቸው። ፋንታሲ ግን አይወዱም።

ደራሲው ፈገግ ብሎ አለፈው። ጨዋ ልጅ ነው።

የቀኑ ጀግና ግን ሌላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ሰው ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰውን በክርኑ እየገፋ ደራሲው ዘንድ ደረሰ። «ወንድሜ፣ የልብ አድናቂህ ነኝ፤ ፈርምልኝ» አለ። ደራሲው ደስ ብሎት እስክሪብቶውን አወጣ። ሰውዬው ስልኩን አወጣ።

ፒዲኤፍ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከደራሲው ስም በላይ መጽሐፉን የለጠፈው የቴሌግራም ቻናል ስም በቀይ ተጽፏል። ከሥሩ «ሼር ማድረግ እንዳይረሱ» ይላል። በየገጹ ግራ ጥግ ላይ ፎቶ ያነሳው ሰው አውራ ጣት አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ አካባቢ የግራ እጁ ባዶ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ከጥግ ብቅ ያለች የቀለበት ጣት አለች፤ ቀለበትም አጥልቃለች። ፎቶ አንሺው መጽሐፉን እያነሳ አግብቷል! ይህን ያህል ትጋት በማን ታየ? ምናልባት በሠርጉ ሰሞን ይሆናል ገጽ 88 ላይ ወጥ የፈሰሰው። ሽሮ ይመስላል። የጀግናውን እናት ስም ሸፍኖታል፤ ስለዚህ በፒዲኤፉ አንባቢዎች ዘንድ ጀግናው እናት የለውም። በእናት ማጣት ጥልቅ ትርጉም ላይ ክርክር ተደርጎ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አድናቂው ፊርማውን ከመቀበሉ በፊት ሒስ አለኝ አለ።

«ንጉሡን የት አደረስከው? መሐል ላይ ጠፋ። ትልቅ ክፍተት ነው።»

«ሞቷል እኮ» አለ ደራሲው፣ «ገጽ 213 ላይ።»

«እኔ ጋ 213 የለም።»

ደራሲው ዝም አለ።

«ለሁለተኛው እትም አስብበት» ብሎ መከረው አድናቂው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ደራሲው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። የት ይፈርም? መስታወቱ ላይ? አድናቂያችን መላ አያጣም። «በጣትህ ጫር አድርግልኝ፣ ስክሪንሾት አደርገዋለሁ» አለ። ተፈረመ። ቡናው ሳይነሳ ግሩፓችን ውስጥ አዲስ ፋይል ገባ፦ «የደራሲው ፊርማ ያለበት ልዩ እትም»። ሃምሳ ልብ ዘነበለት። ደራሲውም አንድ ልብ ያስቀመጠ መስሎኛል፤ ይሉኝታ ክፉ ነው።

አሁን ቀልዱን ላቁመው፤ አንጀቴ አልቻለም። ይሄ ልጅ መጽሐፉን ያሳተመው በብድር ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ማተሚያ ቤት ቀብድ ሳይዝ ማሽን አያስነሳም። አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ያልተሸጠው ይመለስለታል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለዕድሜ ልኩ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። እኛ ለ50 ቀን አልጠበቅንለትም። ስሙ ሌብነት ነው፤ «ዕውቀት ማካፈል» አይደለም። ድራፍት ቤት «በእኔ ነው፣ በእኔ ነው» እያለ ሒሳብ የሚሻማ ሰው፣ መጽሐፍ ሲሆን «በነፃ አይገኝም?» ይላል። አያፍርም። የሰረቀውን ይዞ ባለቤቱ ፊት ቆሞ ፈርምልኝ ይላል!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሥነ ሥርዓቱ በሽልማት ተዘጋ። ክበባችን ለደራሲው የምስጋና ምስክር ወረቀት አበረከተለት፣ ባለ ወርቅ ቀለም ፍሬም ያለው። ለፍሬሙ መዋጮ ስንጠየቅ አንድም ሰው አላንገራገረም። በዚያው ብር ስንት መጽሐፍ እንደሚገዛ ያሰላ ክፉ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ እሱም ቢሆን ከርቀት አይታይም።

ደራሲው ሲመጣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ነበር። በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋንለት። ብዙዎቻችን አንድ አንድ ቅጂ እያነሳን ጀርባውን አነበብን፣ አሸተትነው፣ አብረነው ፎቶ ተነሣን፣ መልሰን አስቀመጥነው። ሁለት ሰዎች «ለማስታወሻ» ብለው በነፃ ወሰዱ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳዋ የተጣጠፉ አሥር አሥር ብሮች አውጥታ፣ ቆጥራ ገዛች። የክበባችን አባል አይደለችም፤ አዳራሹ ውስጥ የገባችው ዝናብ ሸሽታ ነው።

የቀረውን ካርቶን ታክሲ ላይ አብረን ጫንንለት። ረዳቱ ለካርቶኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀ፤ ደራሲው ከፈለ። ፍሬሙን ጭኑ ላይ አደረገው።

በሚቀጥለው ወር ተረኛዋ እንግዳችን ገጣሚ ናት። መጽሐፏ ገና ማተሚያ ቤት ነው ተብሏል። ግድ የለም፤ አንዱ አባላችን እዚያ የሚሠራ የአክስት ልጅ አለው።