ካንን ለባለሙያው ተዉት፤ ፊልም ወዳድ በርሊን ይሂድ

ግንቦት በገባ ቁጥር የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ቀይ ምንጣፍ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀልቀዋል። ከሥሩም «እዚህ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ የፊልም ሥራ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል። ካን ከ1946 ጀምሮ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሰናዳው ለፊልም ሠሪ፣ ለገዥና ለሻጭ፣ ለጋዜጠኛ ነው። ለተራው ተመልካች የተተዉት በሮች ጠባብ ናቸው። ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ ወጣቶች ደብዳቤ ጽፈው የሚያመለክቱበት የሦስት ቀን መግቢያ አለ። ከዋናው ውድድር ጎን ለጎን የሚካሄደው ኪንዜን ለሕዝብ ትኬት ይሸጣል፣ ማታ ማታም ባሕር ዳርቻው ላይ በነፃ የሚታይ ፊልም አለ። ከዚህ ያለፈው ብዙውን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሌላውን ሰው ሱፍ ማየት ነው።

የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» በ2015 ካን መመረጡ ትልቅ ነገር ነበር። ፊልም ሠሪው የሚኮራበት መድረክና ተመልካቹ ገንዘቡን የሚያወጣበት መድረክ ግን አንድ መሆን የለበትም። አንድ ሰው ለአንድ ፌስቲቫል የሚሆን ገንዘብና የዓመት ዕረፍት ብቻ ካለው የበርሊኑን ፊልም ፌስቲቫል፣ በርሊናሌን፣ እንዲመርጥ እመክራለሁ። በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ትኬት ለሕዝብ ይሸጣል። የአንዱ ትኬት ዋጋ በቅርብ ዓመታት ከ20 ዩሮ በታች ነው። በየካቲት ብርድ ስለሚካሄድም ስለ አለባበስ የሚጨነቅ የለም፤ ፖትስዳመር ፕላትስ ወዳለው ዋናው አዳራሽ በወፍራም ጃኬትና በቡትስ መግባት ነውር አይደለም።

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ትልቁ ፈተና ግን ከፊልሙ በፊት ያለው ቪዛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። በርሊናሌ በየካቲት አጋማሽ ገደማ ይከፈታል፤ የውድድሩ ዝርዝር የሚወጣው በጥር፣ ሙሉው ፕሮግራም ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አመልካቹ የትኛውን ፊልም እንደሚያይ ሳያውቅ ነው የሚያመለክተው። ትኬት ደግሞ ለሽያጭ የሚቀርበው ፊልሙ ከመታየቱ ሦስት ቀን ገደማ ሲቀረው ነው፤ ለኤምባሲ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ይህን ሳያውቁ «ትኬት ልቁረጥና ላመልክት» እያሉ ጥር ድረስ የሚጠብቁ ሰዎች ዓመቱ በከንቱ ያልፍባቸዋል።

ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ማስገባት ጥሩ ነው፤ የፌስቲቫሉ ቀን ያኔ ይታወቃል። የጉዞው ዓላማ ቱሪዝም ነው፤ በርሊናሌ ተራ ተመልካችን በደብዳቤ አይጋብዝም። ስለዚህ «የፌስቲቫል ግብዣ እናወጣለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። የፌስቲቫሉን ቀን፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ የሆቴል ቦታ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሥራና የባንክ ማስረጃ ማያያዝ ነው። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የአውሮፕላን ቦታ ማስያዝ እንጂ ትኬቱን መግዛት ቪዛው ሳይወጣ አይመከርም። ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም ወይም ሮም የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ለሚኖር ወገናችን ይህ ሁሉ የለም፤ ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከሁሉም በላይ በርሊን የሚቀልለው ለእነሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ሐበሻ በአዳራሾቹ አለመታየቱ ይገርመኛል።

ወደ ትኬቱ ስንመጣ ሽያጩ በኦንላይን ነው። ድረ ገጹ ላይ አስቀድሞ አካውንት መክፈትና የካርዱን መረጃ አዘጋጅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሽያጩ በበርሊን ሰዓት 10:00 ላይ ይከፈታል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቀትር 6 ሰዓት ይሆናል። «10:00»ን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰው ሲደርስ የሚፈለጉት ፊልሞች አልቀዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትኬት ገና ከአገር ሳይወጡ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። ባንኩ ለተጓዥ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላውን ካርድ ቀድሞ ማውጣት ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ እንዲገዛ ማድረግ ነው።

«አልቋል» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ገጹን አትዝጉት። ትኬት መርጠው ክፍያውን ሳይጨርሱ የወጡ ሰዎች ቦታ ከደቂቃዎች በኋላ ወደ ሽያጭ ይመለሳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ገጹን እንደገና መክፈት ብዙ ጊዜ ውጤት አለው። ያም ካልሆነ በአዳራሹ በር ላይ «ትኬት ፈላጊ» የሚል ወረቀት ይዞ መቆም በበርሊን የታወቀ ልማድ ነው፤ የሚያፍር ሰው የለም።

ፊልም አመራረጥ ላይ ደግሞ የብዙ ሰው ስሕተት ዋናውን ውድድር ብቻ ማሳደድ ነው። ለበርሊናሌ ዋና ሽልማት ለወርቃማው ድብ የሚወዳደሩትና ታዋቂ ተዋናይ ያለባቸው ፊልሞች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሲኒማ ቤት ወይም ስትሪሚንግ ላይ ይወጣሉ። ሶፋ ላይ ሆኖ የሚታይን ፊልም ለማየት 45 ቀን ቪዛ መጠበቅ ምን ይሉታል? ገንዘቡ የሚያዋጣው ፎረምና ፓኖራማ በሚባሉት የፌስቲቫሉ ክፍሎች ላይ ነው። በ1971 የተጀመረው ፎረም አስቸጋሪውን፣ ረጅሙን፣ ነጋዴ የማይነካውን ፊልም የሚያሳይ ክፍል ነው። እዚያ ከታዩት ውስጥ ዳግመኛ የትም የማይገኙ አሉ። አንዳንዱ ያሰለቻል፤ አልዋሽም። ሲሳካ ግን ከአዳራሹ የሚያስወጣችሁ ጥበቃው ነው፤ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ሲመልስ ሰው ንቅንቅ አይልም።

ፓኖራማን የምወድበት ሌላ ምክንያት አለ። ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው ከፊልሙ በኋላ ነጥብ ይሰጣል፤ የተመልካቾች ሽልማትም በዚያ ይወሰናል። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ይህን ሽልማት ያገኘው በዳኞች ሳይሆን በእነዚሁ ሰዎች ድምፅ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ፊልሞቹ ባብዛኛው በራሳቸው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያሉ። ፕሮግራሙ ላይ ከርእሱ አጠገብ ይጻፋልና ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ጄኔሬሽን በተባለው የልጆችና የወጣቶች ክፍል ሥር ያሉት የትንንሽ ልጆች ፊልሞች ሲታዩ አንባቢ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ንግግሩን በጀርመንኛ በቀጥታ ያነባል። ጀርመንኛ ለማይችል ልጅ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረብበታል። ለትልልቆቹ ልጆች የተዘጋጀው ክፍል ይህ ችግር የለበትም።

የቀኑን ዕቅድ የሚያበላሸው ግን ርቀት ነው። አዳራሾቹ በከተማው ተበታትነዋል፤ ዙ ፓላስት በምዕራብ፣ ኩቢክስ አሌክሳንደርፕላትስ ላይ በምሥራቅ ነው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ዙ ፓላስት የሚጀምር የ110 ደቂቃ ፊልም እንውሰድ። ሰው ተቀምጦ፣ ፊልሙ ተዋውቆ ሲጀምር 10 ደቂቃ ያልፋል። ፊልሙ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ጥያቄና መልሱ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ባቡሩ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወደ ጣቢያው መሄድ፣ መጠበቅ፣ ከጣቢያው መውጣት ሲጨመር ኩቢክስ በር ላይ የሚደረሰው 3 ሰዓት ካለፈ ነው። ስለዚህ የ3 ሰዓቱን ፊልም የገዛ ሰው ወይ ጥያቄና መልሱን ወይ የሁለተኛውን መጀመሪያ ያጣል። ከፊልሙ ርዝመት ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል መተው፣ ካልሆነም ሁለቱን ፊልሞች በአንድ አዳራሽ መምረጥ ነው። በአብዛኞቹ አዳራሾች ወንበር በቁጥር ስለማይመደብ ዘግይቶ የገባ ፊተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። በቀን ሦስት ፊልም ይበቃል። አምስት አየሁ የሚል ሰው አራተኛው ላይ ተኝቷል።

(በነገራችን ላይ ፌስቲቫሉ እንደ 2026 ባሉ ዓመታት ከሁዳዴ መግቢያ ጋር ይገጥማል። በርሊን «ቪጋን» የሚሉት ምግብ በየመንገዱ ስለሚሸጥ ጾመኛ አይቸገርም።)

ሰሜን አሜሪካ ላለ አንባቢ ይህ ሁሉ ጉዞ አያስፈልገውም። የቶሮንቶ ፌስቲቫል በመስከረም ከበርሊን ባልተናነሰ ለተመልካች ክፍት ነው፤ ትኬት ያለቀበት ፊልም በር ላይ «ረሽ ላይን» የሚሉት ሰልፍ ስላለ ቀድሞ የቆመ ሰው ባዶ በቀሩ ወንበሮች ይገባል። ሰንዳንስ የተባለው የአሜሪካ ፌስቲቫል ደግሞ ከ2027 ጀምሮ ከዩታ ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ይዛወራል፤ ዴንቨርና ኦሮራ ላለው ብዙ ሐበሻ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው።

በርሊን የሚሄድ ሰው መመለሻውን ሰኞ ያድርግ። ሽልማቱ ቅዳሜ ማታ ይሰጣል፤ ጋዜጠኛውና ነጋዴው አብዛኛው ያኔ ሄዷል። የመጨረሻው እሑድ የተመልካቾች ቀን ተብሎ አዳራሾቹ ለሕዝብ ብቻ ይከፈታሉ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የዕለቱ ትኬት ግን ከሽልማቱ በፊት ስለሚሸጥ አሸናፊውን ማየት የፈለገ ሰው ቀድሞ መገመት አለበት።