የሙዝ ልጣጩ የት ገባ?

እስቲ የአራት ዓመት ልጅ ፊታችሁ አስቀምጡና «ዘላቂነት ማለት…» ብላችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳትደርሱ የጫማውን ክር ሲጎለጉል ታገኙታላችሁ። አይፈረድበትም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሪፖርት ዘላቂ ልማትን ሲፈታ፣ መጪው ትውልድ ፍላጎቱን የማሟላት አቅሙን ሳያጣ የዛሬውን ፍላጎት ማሟላት ነው ይላል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ነገ ራሱ ሩቅ አገር ነው።

ስለዚህ አፈር ስጡት።

አንድ ሰፋ ያለ የአበባ መትከያ በቂ ነው። አፈሩ ከመሬት የተዛቀ ይሁን፤ ለማበስበስ የሚፈለጉት ጥቃቅን ፍጥረታት ያሉት እዚያ ነውና። ልጁ በገዛ እጁ የሙዝ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የጋዜጣ ቁራጭና የብስኩት ላስቲክ ይቅበርበት። የት የት እንደቀበረ እንዳይጠፋው ስንጥር እንጨት ይሰካ። አፈሩ እንዳይደርቅ በየጊዜው ውኃ ጠብ ያድርግበት። ከሁለት ወር በኋላ አብራችሁ ቆፍሩ። ልጣጩ ወይ ጠቁሮ ተበጣጥሷል፣ ወይ ጭራሽ የለም። ጋዜጣው ሲነኩት ይፈረካከሳል። ላስቲኩ ግን ለቅለቅ ሲደረግ ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል።

«ልጣጩ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም። ተበላ። ማን በላው? ሻጋታ፣ ባክቴሪያ፣ ትል። ላስቲኩንስ ለምን አልበሉትም? ይኸው፣ ትምህርቱን ራሱ ጀመረው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ1837 እ.ኤ.አ. ለከፈተው የሕፃናት ተቋም በኋላ ያወጣለት ስም፣ «ኪንደርጋርተን»፣ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ስሙ ብቻ ቀርቶ አፈሩ ሄዷል።

በምትኩ የመጣው «ከቆሻሻ የተሠራ» ዐውደ ርእይ ነው። እውነት ለመናገር ይሄ ያናድደኛል። ለዝግጅቱ ሲባል አዲስ የታሸገ ውኃ ተገዝቶ ይደፋና ጠርሙሱ ዓሣ ይሆናል። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ብልጭልጭ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ፎቶ ይነሣል፣ በማግስቱ ዓሣው ቆሻሻ ውስጥ ነው። «ምድር እያለቀሰች ነው» የሚለው ፖስተርም አይጥመኝም። የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ምን ያድርግ? ፈርቶ ከመተኛት በቀር።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካላችሁ ደግሞ ሥሩ ኩባያ እንዲያስቀምጥ ንገሩት። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ማለት በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ ወደ 20 ሊትር ይጠጋል። ቁጥሩን ማወቅ የለበትም። ኩባያው ሞልቶ ሲፈስ እየሮጠ ይመጣል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የእናንተ ነው። ቧንቧውን ማስጠገን አለባችሁ። ካልሆነ ጠዋት ሲነሣ ያንኑ ኩባያ ይዞ ይመጣና «አሁንም ይፈሳል እኮ!» ይላችኋል።