እርማት፦ «4 ቀዳዳ ካለው ይገጥማል» ስለሚባለው

«ለቪትዝ ቸርኬ ስትገዙ ቀዳዳውን ቁጠሩ፣ 4 ከሆነ ይገጥማል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። አደገኛም ነው።

ከቁጥሩ በላይ ወሳኙ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ባለ 4 ቀዳዳ ላይ ከአንዱ መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው መሃል ይለካል። የቪትዝ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ የላዳ 98። ሁለቱም 4 ናቸው! 2 ሚሊ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ዳዶው በግድ ሊይዝም ይችላል። ግን ጠርዙ ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ ቸርኬው ወደ ጎን ይሳባል፣ መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ዳዶውም እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ዳዶውን መጀመሪያ በእጃችሁ አስገቡ። ገና ሳይገባ ቁልፍ ከጠየቀ አውልቁት። ጎሚስታው «ጠብቆ ይይዛል» ቢላችሁም እሺ አትበሉ።

የመሃል ቀዳዳውም አለ። የቪትዝ 54.1 ሚሊ ነው። ከዚህ ከጠበበ ጭራሽ አይገባም፤ ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል።

ኦፍሴትንም አትርሱ፤ ይህ ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ያለው ርቀት ነው። ብዙ ጊዜ ቸርኬው ላይ «ET» (ኢቲ) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ይጻፋል። ከፋብሪካው ቁጥር በጣም ካነሰ ጎማው ወጥቶ ፓራፋንጎ ይነካል፤ ከበዛ ወደ ውስጥ ገብቶ ሾክ አብዞርበሩን ይፈትጋል። ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ቸርኬ ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ።