ጎርፍ ተራ አይጠብቅም

ሰሞኑን ስለ ክረምት የጎርፍ ዝግጅት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የፎገራና የደምቢያ ገበሬ ለምን የጎርፍ መድን እንደማያገኝ ተጠይቆ ነበር። መልስ የሰጡት የመድን ባለሙያ ሁለት ምክንያት አቀረቡ። አንደኛ፣ ገበሬው ስለ መድን ግንዛቤ የለውም። ሁለተኛ፣ ውኃ እንደሚመጣ እያወቀ ሜዳው ላይ ስለሚቀመጥ አደጋው መድን የሚሸጥለት ዓይነት አይደለም። ጥያቄው እዚያው ተዘጋ፤ ተሰብሳቢውም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ተሻገረ።

እያወቀ ይቀመጣል! የት ይሂድ? የፎገራን ሜዳ የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ ምድር ያደረገው ይኸው ውኃ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ የተተከለው ገበሬው ከሜዳው እንዲወጣ ለመምከር አይደለም። ዘር የተሰጠው፣ የሠለጠነው፣ ምርቱም በየዓመቱ በሪፖርት የሚቆጠረው እዚያው ሜዳ ላይ ሆኖ ነው። ሩዙ ሲታፈስ የአገር ሀብት ተብሎ፣ ውኃው ጎታውን ሲያፈርስ ግን የገበሬው የራሱ ጥፋት ሊባል አይችልም።

ውኃውስ ከየት ይመጣል? ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። የጉና ተዳፋት ተራቁቶ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ሲወርድ የወንዞቹ ወለል በደለል ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ሲገፋ ወንዙ ከግራ ቀኙ ማሳ ላይ ይፈስሳል። ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ ወንዞቹ መውጫ አጥተው ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ጣና ምን ያህል ውኃ እንደሚለቅ በጨረጨራ፣ በሐይቁ መውጫ ላይ በተሠራው ባለ በር ግድብ፣ የሚወስነው ሰው ነው። የፎገራዎቹ የናቤጋና የዋገጠራ ቀበሌዎች ገበሬ የጉናን ደን አልመነጠረም፤ የጨረጨራንም በር አይከፍትም፣ አይዘጋም።

ግንዛቤ የለውም ወደሚለው ልምጣ። ይህን የሚናገር ሰው የገጠር እድር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የኢትዮጵያ ገበሬ የመድን ድርጅት የሚባል ነገር ሳይሰማ በፊት መድንን ያውቃል። መዋጮው አረቦን፣ ማለትም ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው አስተዳዳሪዎቹ ናቸው፤ ያልከፈለ ይቀጣል፣ የደረሰበት ይረዳል። በብዙ አካባቢ አንድ በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ሲሰበር ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ ገንዘቡን ያዋጣል፤ ባለቤቱም በዚያ ላይ ጨምሮ ሌላ በሬ ይገዛል። ይህ መድን ካልሆነ መድን ምንድን ነው? አደጋን በብዙ ትከሻ ላይ መከፋፈል ማለት ይህ ነው። የገበሬው እውቀት ከኩባንያ ሻጭ እውቀት አያንስም፤ እንዲያውም ካሳ ከፋዩን በዓይኑ ስለሚያየው ይበልጣል።

እድር ታዲያ ጎርፍን ለምን አልቻለውም? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያውም ማስረዳት የነበረባቸው ይህንኑ ነው። እድር የሚሠራው ሐዘን በየተራ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ የአንዱ አባት ይሞታል፣ ከርሞ የሌላው፤ የዛሬ ሐዘንተኛ የነገ አስተዛዛኝ ነው። ጎርፍ ግን ተራ አይጠብቅም። በአንድ ሌሊት የእድሩን ዳኛ፣ ጸሐፊውንና አባላቱን ሁሉ አንድ ላይ ሐዘንተኛ ያደርጋል። ያን ዕለት ድንኳኑን የሚተክል ሰው የለም፤ ድንኳኑም ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ሸክም ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ጠለፋ ዋስትና፣ የመድን ኩባንያዎች ራሳቸው ወደሚገቡት መድን፣ መሄድ አለበት። ይህን መሻገሪያ መሥራት የገበሬው ድርሻ አይደለም። የመድን ኩባንያዎች፣ የብሔራዊ ባንክና የመንግሥት ሥራ ነው። አገሪቱ የራሷ የጠለፋ ዋስትና ኩባንያ አላት። የጎደለው መሻገሪያው ሆኖ ሳለ ጉድለቱን ወንዝ ማዶ በቆመው ሰው ላይ መለጠፍ ነውር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ማግሥት ፎገራ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ነበር። ጎታ ከጭቃና ከገለባ የሚሠራ ነውና ውኃ ሲነካው ከሥሩ ይሟሟል። የዚያ ቤት ጎታ ግማሹ ወደ መሬት ተመልሶ ነበር። የቤቱ እመቤት እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጡ፤ ውኃ ጠጥቶ አብጦ በቅሏል። ባሕር ሸሽ መሬታቸው ውኃው ሲለቀው ሊዘሩት ያስቀመጡት ዘር ነበር። እኚህ እናት ግንዛቤ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው የዘር ገንዘብ ነው።

ለገጠሩ መድን ተሞክሮ አልተሳካም የሚለኝ ካለ መዝገቡን ያንብብ። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ ላይ በ200 ያህል አባወራ የተጀመረው የዝናብ ጠቋሚ መድን፣ የዝናቡ ልክ ሲያንስ የሚከፍለው፣ ብዙ ሺሕ ገበሬ ዘንድ ደርሷል። በ2004 ዓ.ም. ቦረና ላይ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሌ ክልል ውስጥ ለአርብቶ አደሩ የከብት መድን ተጀምሯል። ሁሉም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም የተሠሩት ግን ለድርቅ ነው። የአርብቶ አደሩ ውል የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ልምላሜው ከወትሮው በታች ሲወርድ ይከፍላል። እንግዲህ በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሸበሌንና የገናሌን ዳርቻ አስቡት። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከከሸፈ በኋላ፣ ከድርቅ የተረፈችውን ጥቂት ፍየል ጎርፍ ወሰዳት። የዝናቡ ወቅት ምድሩን አለመለመው። እንዲህ ያለ ውል ልምላሜ ብቻ እንጂ የሰመጠ ከብት አይቆጥርም። በውኃ ለተጎዳ ሰው የድርቅ መለኪያ ሰጥተን ሲያበቃ ገበሬው መድን አይገባውም እንላለን።

መለኪያው የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። በርብና በጉማራ ላይ የውኃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ኖረዋል። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ውኃው ውስጥ ቆሟል፤ ተመልካቹ ጧትና ማታ እየወረደ ውኃው የደረሰበትን ይመዘግባል። ውኃው ከዚህ መስመር ካለፈ ይህን ያህል ብር ይከፈላል የሚል ውል ለመጻፍ ምን ይጎድላል? ኪሳራ ገማች ወደየማሳው መላክ አያስፈልግም፤ ኪሳራ ማጋነንም አይቻልም። ቁጥሩ ሁሉም የሚያየው ነው። በሐምሌ ተመዝግቦ በነሐሴ ከተከፈለ ውኃው ሲሸሽ ዘር ይደርሳል።

በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ በየዓመቱ ለሚመጣው ውኃ መድን አይሸጥም። ያ አደጋ ሳይሆን ወቅት ነው፣ ገበሬውም ሩዝ ዘርቶበት ይኖራል። ውሉ መጻፍ ያለበት ለከባዱ ጎርፍ ነው፤ እንደ 1998ቱ ዓይነት፣ ፎገራ ሲዋጥ፣ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ዳሰነች ላይ የኦሞ ወንዝ ከ360 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ስትቀብር። ዳሰነችማ በቅርብ ዓመታትም የኦሞና የቱርካና ሐይቅ ውኃ መሬቷን ውጦባታል።

አረቦኑን ማን ይክፈል ለሚለው መልሱ አዲ ሓ ላይ ተገኝቷል። እዚያ ድሃው ገበሬ በገንዘብ ፋንታ በጉልበቱ ከፍሏል፤ እርከን ሠርቶ መድን ገብቷል። ይኸው በጉና ተዳፋት ላይ ይሠራ። የላይኛው ገበሬ እርከን ይሥራ፣ የታችኛው የርብን ደለል ይጥረግ፣ የሥራው ዋጋ አረቦን ሆኖ ይቆጠርላቸው። እርከኑ ደለሉን ይቀንሳል፤ ደለሉ ሲቀንስ ጎርፉ ይቀንሳል፤ ጎርፉ ሲቀንስ አረቦኑ ይቀንሳል። ቀሪውን መንግሥት ይጨምርበት። አሜሪካ እንኳ የጎርፍ መድንን ለግል ኩባንያ ብቻ ብትተው እንደማይሆን አይታ እ.ኤ.አ. በ1968 በፌዴራል መንግሥት ስር አቋቁማዋለች። ከበለጸገው አገር ነዋሪ ያልተጠበቀ ብቻውን የመቆም ግዴታ ከፎገራው ለምን ይጠበቃል?

ሐምሌ ሩቅ አይደለም። ለመጀመሪያ ሙከራ ሁለት ቀበሌ ይበቃል። ናቤጋንና ዋገጠራን ያዙ፤ የርብን መዝገብ የሃያና የሠላሳ ዓመት ቁጥር አውጡ፣ መስመሩን አስምሩ፣ ውሉን በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ጻፉና በእድር ቀን ለአባላቱ አንብቡላቸው። ጥያቄ ይኖራቸዋል። መስመሩን ማን አሰመረው፣ ተመልካቹ ቢታመም ማን ይመዘግባል፣ ብሩ በስንት ቀን ይደርሳል ይላሉ። ባለሙያው ሰምተው መልስ ይዘው ይሂዱ።