ቢጫ መብራት በቱሉ ዲምቱ

የቪትዝ መኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫዋ መብራት የበራችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ልደርስ ስል ነው። ቼክ ኢንጅን የምትባለዋ። የሞተር ሥዕል ናት ይላሉ። እኔ ግን ሞተር አልታየኝም፤ ጡቷ የተሰበረ ጀበና ነው የመሰለችኝ። የመጀመሪያውን ቀን ቡናው እስኪፈላ ብዬ ዝም አልኳት።

መኪናዋ አልተንገጫገጨችም። አላጨሰችም። ጉልበቷም ያው ነው። እንዲያውም ከሳምንት በፊት የዳሽቦርዱ መብራት ማታ ማታ አልበራ ብሎኝ፣ ሰፈር ያለ ኤሌትሪሻን ፈታትቶ ሠርቶልኝ ነበር። "እንደ አዲስ አድርጌልሃለሁ" ብሎኛል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ችግርህን ለብቻህ የመያዝ መብት የለህም። ኮፈን ከፍተህ አንገትህን ስታስገባ አምስት አንገት አብሮህ ይገባል። የምድሩ ጎረቤቴ "ነዳጅ ነው፤ ውሃ ያለበት ቀድተህ ነው" አለ። ድሮ ላዳ ታክሲ ይነዱ የነበሩት ጡረተኛ "ካንዴላ ነው" አሉ። ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የምትለኩሰዋን ማለታቸው ነው። እሳቸው ለሁሉም ነገር ካንዴላ ነው የሚሉት፤ የሕንጻው የውሃ ፓምፕ የቆመ ጊዜም ካንዴላ ብለው ነበር። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ደግሞ ከበረንዳቸው ሆነው "ዓይን ነው! ስትገዛት ጠበል አስረጫት ብዬህ አልነበር?" አሉኝ። ሳቅሁ። ባልሳቅሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ውስጥ ቱታው ከእኔ ሸሚዝ የጸዳ ሰውዬ ተቀበለኝ። መካኒክ ቱታው ሲጸዳ እኔ እፈራለሁ። ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ፣ ታብሌቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም ቤት ራጅ አንስተው እንደሚነቀንቁት ያለ ነው።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ኢንጅን ነው የሚለው።"

ይሄንንማ መብራቷም ነግራኛለች። ለዚህ 1,500 ብር ከፈልኩ። ቀጠለና "ሞተሩ ወርዶ ይታይ፤ ፒስተንና ፋሻ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉን ጨርሰህ 140 ሺህ" አለኝ። አፌን ስከፍት አየና አባበለኝ፦ "አለቃ፣ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም ከተባለ በኋላ ቪትዝ ማለት ርስት ነው። ርስት ደግሞ ይጠበቃል።" ስለ ዶላር ሳያነሳ እንደማይቀር ጠብቄ ነበር። አላሳፈረኝም፣ አነሳው።

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ከቢሮው እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ "እሺ በ95 ሺህ እንሥራልህ!" አለኝ። በየእርምጃዬ 1,500 ብር ቀንሷል ማለት ነው። ሞተሩ ይውረድ ተብሎ የወረደው ዋጋው ነው።

እስከዚያው ግን መብራቷን አጥፍቶልኝ ነበር። በነጻ። ደስ ብሎኝ አራት ቀን ነዳሁ። በአምስተኛው ቀን ጀበናዋ ተመልሳ ተጣደች።

ሁለተኛው ጋራዥ "ሴንሰር ነው፤ ሁለቱም ይቀየሩ" አለ። ኦርጅናል 36 ሺህ፣ የዱባይ 14 ሺህ። የዱባዩ ኦርጅናል አይደለም ወይ ብለው "እሱም ኦርጅናል ነው፤ የዱባይ ኦርጅናል" አለኝ። እሱም መብራቷን አጠፋልኝ። እሷም ተመለሰች።

ይሄኔ የእህቴ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ የመኪናን የብልሽት ቁጥር የምታነብ፣ ክብሪት የምታህል ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ከመሪው ሥር ባለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ትሰካለህ፤ በብሉቱዝ ከስልክህ ጋር ታወራለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በየመኪናው ያስገደደችው ዓይነት ሶኬት ነው። ሁለት ጋራዥ የደበቀኝን ቁጥር ስልኬ በግማሽ ደቂቃ ነገረኝ፦ ፒ0420።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ካታሊስት የሚባል ነገር አለ። በውስጡ የማር እንጀራ የሚመስል ሴራሚክ አለው፤ ላዩ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮድየም ተቀብቷል። ሥራው መርዛማውን ጭስ ማጽዳት ነው። ከፊቱ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ አንድ ሴንሰር አለ፣ ከኋላው ሌላ። የፊተኛው ልኬት ሲወራጭ የኋለኛው ረጋ ማለት አለበት። የኋለኛውም አብሮ ከተወራጨ የመኪናዋ ኮምፒውተር "ይሄ ካታሊስት ሥራውን ትቷል" ብሎ ይጠረጥራል። ቶሎ አይፈርድም ታዲያ፤ እንደገና እስኪያረጋግጥ የተወሰነ ጉዞ ይፈልጋል። ለካ መካኒኮቹ ያጠፉት በሽታውን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ትዝታ ነው። እሱ አስታውሶ እስኪጨርስ እኔ ከፍዬ ወጥቻለሁ።

ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ያመመው የት ጋ እንደሆነ እንጂ ምን ይቀየር እንደሆነ አይናገርም። የጭስ ቱቦው አፈትልኮም ሊሆን ይችላል። የኋላው ሴንሰር አርጅቶም ሊሆን ይችላል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ሞተሩ እሳት እየሳተ ካታሊስቱን እያቃጠለው ሊሆን ስለሚችል ዳር ይዞ መቆም ነው። የእኔዋ ረግታ ነበር የምትበራው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስተኛው ጋራዥ ሄድኩ። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ቁጥር የሚያውቅ ደንበኛ ልክ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ እንደሚመጣ በሽተኛ ነው፤ አይወደድም። "ካታሊስት ይቀየር፤ 90 ሺህ" አለኝ። ከመኪናው ሥር ገብቶ ያየ ግን የለም። ሦስት ጋራዥ፣ ሦስት ዋጋ፣ አንድም መሬት የነካ ጀርባ የለም።

መሬት የነካው ጀርባ የተገኘው ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ጋራዥ አይሉት፤ አንድ ክሪክ፣ አንድ የመፍቻ ሣጥንና አንድ የተቀደደ ካርቶን ነው። ሽማግሌው ካርቶናቸውን አንጥፈው በጀርባቸው ገቡ። ከሥር የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። በመፍቻ ቱቦውን መታ መታ አደረጉ። ኳ፣ ኳ። ባዶ የወተት ጣሳ ስትመታ እንዲያ ነው የሚለው።

"ልጄ፣" አሉ ከሥር ሆነው፣ "ይሄ ነገር ሆዱ የለም።"

"እንዴት የለም ጋሼ?"

"ቀደውታል። ውስጡን አውጥተው መልሰው በይደውታል። ና፣ የብየዳውን ጠባሳ እየው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የወፈረ፣ የተጣመመ፣ በጥድፊያ የተሰፋ የሚመስል ጠባሳ ነው። በውስጡ ያለው ማዕድን ገንዘብ ስለሆነ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። ሞተሩ ያለ እሱም ይነሳል፤ ይሄዳል። ለካ የእኔ መኪና አልታመመችም። የሚታመመው ከኋላዋ የሚሄደው ሰው ነው። ሽማግሌውን ስንት ልክፈል ብላቸው "ለሻይ የምትለውን" አሉኝ። አፍሬ የሻይ ብቻ ሳይሆን የምሳም ሰጠሁ።

ከስምንት ወር በፊት ለሸጠልኝ ሰውዬ ደወልኩ። ስለ ካታሊስቱ ስጠይቀው ምኑም አልገባኝም አለ። ስለ መብራቷ ግን ማለ፦ "እናቴ ትሙት! ሁለት ዓመት ስነዳት አንድም ቀን ቼክ ኢንጅን አብርታብኝ አታውቅም!"

ድምፁ ውስጥ እውነት ነበረበት። ግራ ያጋባኝም እሱ ነው። መኪናዋ ስምንት ወር ሙሉ ለእኔም አላበራችም። ቆይ፣ መቼ ነው የጀመረችው?

ቀጥታ ወደ ኤሌትሪሻኑ። ዳሽቦርዱን ሲፈታ ያየው ነገር ካለ ጠየቅሁት። ልጁ ትንሽ አሰበና "አዎ፣ አንዲት ጥቁር ፕላስተር ነበረች፤ ከአንዷ መብራት ፊት ተለጥፋ። ቆሻሻ መስላኝ ልጬ ጣልኳት" አለኝ።

ቁልፍ ስትከፍት የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ቼክ ኢንጅንን ጨምሮ ይበራሉ፤ ሞተር ሲነሳ ይጠፋሉ። ያኔ ቼክ ኢንጅን ካልበራች ጤነኛ ስለሆነች አይደለም፤ ወይ ተቃጥላ ነው፣ ወይ አፏን ይዘዋት ነው። መኪናዋን ስገዛ ወንበሩን ጫን ጫን አድርጌ አይቻለሁ፣ ጎማውን በእርግጫ መትቻለሁ፣ ሬዲዮውን ከፍቻለሁ። መብራት ግን አልቆጠርኩም። እትዬ ዓይን ነው ሲሉኝ የተሸፈነው ዓይን የእኔ መሆኑን አልነገሩኝም።

ኤሌትሪሻኑ ፊቴን አይቶ ተጸጸተ። "ይቅርታ ብሮ፤ ካስቸገረችህ መልሼ ልለጥፍልህ እችላለሁ። ሁለት መቶ ብር።"

በዚህ አንድ ወር ከሰማሁት ዋጋ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው። ነገ እነግርሃለሁ ብዬው መጣሁ።