መንገድን በወርዱ የመሮጥ ጥበብ

የሰው ልጅ ሁሉ መንገድን በርዝመቱ ሲሮጥ ኖሯል። መንገድ በወርዱም ሊሮጥ እንደሚችል ያሳየችን ግን ደብረ ብርሃን ናት። ይህን የምለው ለአገሬ ልጆች አድልቼ ሳይሆን፣ ከከተማው ዳር ባሕር ዛፉን ታክኮ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ በየቅዳሜው ጠዋት በገዛ ዓይኔ፣ አንዳንዴም ከቦዩ ውስጥ ቀና ብዬ፣ እየተመለከትሁ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ውርጭ፣ ሣሩ ገና እንደ ነጣ፣ ጋቢ የተከናነበው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ጭነት የያዘው ወደ ገበያ በሚጓዝበት ሰዓት፣ ሠላሳ የሚሆኑ ቱታ የለበሱ ስፖርተኞች በአሰልጣኛቸው ፊሽካ ተጠራርተው ስድስት ስድስት ሆነው ይሰለፋሉ። መንገዱ አራት ሰው ብቻ ስለሚይዝ የተረፉት ሁለቱ በግራና በቀኝ የገበሬውን ባቄላ እየረገጡ ይሮጣሉ። ይህም ቢሆን ከልግስና የመነጨ እንጂ ከጥፋት የሚቆጠር አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ለከረመ ባቄላ ሰውነቱን የሚያፍታታለት ሌላ ማን ነበረው?

አንዳንድ ምቀኞች እውነተኛ ሯጮች እንዲህ አይሮጡም ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሠሩት አትሌቶች አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ፣ በአንድ ረድፍ ነው የሚሮጡት። ነገር ግን በአንድ ረድፍ መሮጥ ምን ይረባል? የኋለኛው የፊተኛውን ተረከዝ ሲያይ ይውላል እንጂ የሳምንቱን ወሬ ከማን ጋር ያወራል? በዚሁ በሸዋ ምድር፣ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ባዶ እግሩን ነበር፤ ከጎዳናውም የተጠቀመው ሁለት እግሩ ያረፈበትን ያህል ብቻ ነው። የእኛዎቹ ግን ጫማ አላቸው፤ ጫማ ያለው ሰው ደግሞ መንገድ ይበዛለታል።

ስለ ትንፋሻቸውም ሳልናገር ባልፍ በደለኛ እሆናለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ የአንድ ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ቆም ይላል። ስፖርተኞቻችን ግን እየሮጡ ይዘፍናሉ፣ እያጨበጨቡ ይቆጥራሉ፣ «አልሰማም! አልሰማም!» ለሚላቸው አሰልጣኝ ደግመው ይጮኹለታል፤ አንደኛው በጀርባው ያዘለው ስፒከር ደግሞ ያልተነሣውን ሰፈር ሁሉ በየአልጋው እንዳለ የስፖርቱ ተካፋይ ያደርገዋል። ለዚህ ሁሉ ጩኸት የበቃ ሳንባ «ይቅርታ፣ እንለፍ» ለማለት ብቻ የሚያጥረው ለምን እንደ ሆነ ሐኪም ቢያጠናው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ኩበት በማዳበሪያ ሞልተው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ገበያ ሽቅብ ይመጡ ነበር። ሠልፉ ቁልቁል ወረደ። እኔ በልምድ ወደ ቦዩ ገባሁ፤ እሳቸውም ሲከተሉኝ አንድ እግራቸው አዳልጧቸው ማዳበሪያው ተፈታና ኩበቱ በሣሩ ላይ ተበተነ። በዚህን ጊዜ አሰልጣኙ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብሎ አላለፈም። ዘወር ብሎ፣ ወደ ኋላ እየሮጠ፣ እጁን እያጨበጨበ «በርቱ እማማ! ጉልበት ከፍ!» አላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እስቲ ኩበቱን ብታነሣልኝ» አሉት።

«ሰዓት ይዘናል እማማ!» ብሎ ነጎደ።

ሰዓት መያዛቸውስ እርግጥ ነበር፤ ሁሉም በየእጃቸው ላይ አስረውታል። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ መካከል ብቅ ስትል ግን ቡድኑ ባንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰዓቱ ሁሉ ተጫን ተጫን ተደርጎ ጸጥ አለ፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ ቆመው፣ አጫጭሮቹ ከፊት ተንበርክከው ፎቶ ተነሡ። እኔና እማማ ኩበት የምንለቅምበት ቦይ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ሳይገባ አልቀረም። ለኩበት የማይቆም፣ ለፎቶ ግን የሚታዘዝ ሰዓት የሠራውን ባለሙያ ሳላደንቅ አላልፍም።

እንደገና ተሰልፈው ሲነሡ ከታች ጭድ የተጫነች አንዲት አህያ መጣች። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፤ አንድ ጆሮዋን አዞረች። ደገመው፤ ቆመች። የቆመችውም ከመንገዱ መካከል፣ ጭዱን በሁለቱም ወገን ዘርግታ ነበር። ይህች አህያ ስለ ጤናማ አኗኗር የሰማችው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ቱታም፣ ሰዓትም፣ ፎቶም አላስደነገጣትም። ያን ጊዜ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፦ ያ ሁሉ ሠልፍ ያለ አንዳች ትእዛዝ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ በግራና በቀኝ በአንድ ረድፍ አለፈ። ሲያልፍም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እንጦጦ ላይ ቢሆን እንኳ ከዚያ ያማረ አሯሯጥ ይታያል ብዬ አላስብም።

እማማ የመጨረሻዋን ኩበት ከማዳበሪያው ከተው ሲያበቁ፣ ከአህያዋ ኋላ ይመጣ የነበረውን ገበሬ ጠብቄ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እኔም እሳቸውም ከእርሷ ኋላ ኋላ እንድንሄድ አስፈቀድሁት። ጥቂት አሰብ አደረገና «መሄዱንስ ሂዱ፤ ከራገጠች ግን የለሁበትም» አለኝ።